ርዕሰ አንቀጽ፦ ጠጉራችንና ኪሳችን

እኅቶቻችን ቅዳሜ ማታ በየመኝታ ቤታቸው ሹሩባ ሲሠራሩ ያመሻሉ። ገንዘብ አይጠያየቁም፤ እንደ ነውርም አይቆጠርባቸውም። እኛ ወንዶቹ ግን የደብተር መግዣችንን ለጠጉር አስተካካይ እንከፍላለን፤ የሌለው ወንድማችንም ጎፈሬውን በባርኔጣ ሸፍኖ ከኋላ ወንበር ይቀመጣል፤ አንዳንድ ቀንም ይቀራል።

ጠጉር በወር የሚያድገው 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለ ሆነ፣ በወር አንድ ጊዜ መስተካከል ይበቃል። ማኅበራችን ለየመኝታ ቤቱ አንድ ቶንዶዝ፣ መቀስና አልኮል ይግዛልን፤ የሚችሉት ይቁረጡ፣ የማንችለው እንማር። ቆረቆር በመሣሪያ ከራስ ወደ ራስ ስለሚተላለፍ ቶንዶዙ በየተራው በአልኮል ይጠረግ፤ ምላጭ ግን ከቶ የጋራ አይሁን።

መምህራኖቻችን ሆይ፣ መጀመሪያ ላይ ጠጉራችን ቢጎራረድ ታገሡን። የተጎራረደ ጠጉር ያድጋል፤ በእፍረት ያመለጠ ትምህርት ግን አይመለስም።