ሆድ ስንቱን ይፍጀው?

በየጊዜው አዳራሽ ውስጥ ሰብስበው ስለ ጽናት ይሰብኩናል። «ጠንካራ ተማሪ ችግርን ያሸንፋል»፣ «ራስህን ገንባ»፣ «አስተሳሰብህን ለውጥ» ይሉናል። እኛም አጨብጭበን ወደ ዶርማችን እንመለሳለን። ማታ ግን ላይኛው አልጋ ላይ የተኛው ልጅ ለምን ሦስት ቀን ሙሉ ክፍል እንዳልገባ የሚጠይቅ የለም። ይህችን ጽሑፍ ያስጻፈን ይኸው ነው።

በመጀመሪያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። እኛ ጽናት ጎድሎን አያውቅም! ተጨባጩን ሁኔታ እንቁጠረው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ተዘጋ። ተመልሰን ሳንረጋጋ በ2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ተነሣ። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ደሴና ኮምቦልቻ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ገቡ፤ እስከ ኅዳር መጨረሻ ድረስም በእጃቸው ቆዩ። ያኔ ብዙዎቻችን ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበርን። ከመካከላችን ታናሹን በጀርባው አዝሎ የሐረጎን ቁልቁለት በእግሩ የወረደ አለ። ወሎ ዩኒቨርሲቲም፣ የደሴውም የኮምቦልቻውም ግቢ፣ ተዘረፈ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያው ስምምነት ተፈረመ ብለን ትንፋሽ ስንሰበስብ፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ ላይ በክልላችን ሌላ ግጭት ተባብሶ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ወጣ፤ ኢንተርኔቱም ተቋረጠ።

ፈተናውንስ ማን ይረሳዋል? በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ከተፈተኑት ደግሞ 3.2። ገሚሶቻችን በዚያች ጠባብ በር ሾልከን፣ ገሚሶቻችን በሬሜዲያል ዞረን ነው ግቢ የገባነው። ለመውጣትም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና ይጠብቃል። ታዲያ ይህን ሁሉ አልፎ እዚህ ለደረሰ ልጅ ስለ ጽናት ይሰበካል? ለተጫነ አህያ ስለ ሸክም ይነገረዋል እንዴ?

የስብከቱ መሠረታዊ ስሕተት ይህ ነው፤ ጽናትን የአንድ ሰው የግል ንብረት ያደርገዋል። ተማሪው ከወደቀ የወደቀው ደካማ ስለሆነ ነው ይባላል። የባከነውን ጊዜ ለማካካስ የአንድ ሴሚስተር ትምህርት በጥቂት ሳምንት ተጨምቆ መሰጠቱ አይነሣም። ከቤቱ የሚላክለት ብር መቋረጡ አይነሣም። ጦርነቱ የወሰደበት ወንድም አይነሣም። ሁሉም ከመዝገቡ ይፋቅና «አስተሳሰቡን አለወጠም» የሚለው ብቻ ይቀራል።

«በእኛ ጊዜ በኩራዝ ነበር የምናጠና» የሚሉን ታላላቆቻችንም አሉ። እናከብራቸዋለን። ግን እስቲ እንጠይቃቸው፤ አብረዋችሁ በኩራዝ አጥንተው መንገድ ላይ የቀሩትስ የት አሉ? እነሱ አዳራሽ ተጠርተው አይናገሩም! የሚናገረው ያለፈው ብቻ ስለሆነ ኩራዙ መልካም መስሎ ይታያል።

ዝምታ በወሎ ምድር ምን እንዳደረገ ደግሞ ታሪካችን ይመሰክራል። በ1965 ዓ.ም. ገበሬው በረሃብ ሲረግፍ የጊዜው መንግሥት ነገሩን ሸፈነው። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ድረስ መጥተው ያዩትን በፎቶግራፍ አሳዩ፤ ተማሪውም ጮኸ። የተራበውን ሰው «ቻለው» አላሉትም። ችግሩን ወደ አደባባይ አወጡት።

አሁን ከሂሱ ወደ ግለ ሂስ እንለፍ፤ ሌላውን ብቻ ከሰስን ሐቀኞች አይደለንምና።

አምና አንድ ጓደኛ ነበረን። ስሙን አንጠራም። ፍሬሽማን እያለ ዶርሙን በሳቅ የሚያፈርስ ልጅ ነበር። ኋላ መብላት ተወ፣ ቀን ተኝቶ ሌሊት ግድግዳ ማየት ጀመረ። እኛ ምን አደረግን? «ሰነፍ» አልነው። ሲብስበት «ወደ አማኑኤል እንውሰድህ?» ብለን ሳቅንበት። የሳቅነው ደግሞ ክፉዎች ሆነን አልነበረም፤ ፈተና ደርሶ ሁላችንም ችከላ ላይ ነበርን። አንድ ቀን ጠዋት ፍራሹ ተጠቅልሎ አገኘነው። ዊዝድሮዋል ሞልቶ ሄዷል። አባቱ ከሞቱ ሁለት ወር እንዳለፋቸው የሰማነው ከሄደ በኋላ ነው። ሁለት ወር! ከራስጌው እስከ ራስጌያችን አንድ ክንድ አይሞላም ነበር።

ለምን አልነገረንም? እኛስ ብንሆን እንናገር ነበር? ከልጅነታችን ጀምሮ የተማርነው አንድ ቃል ነው፤ «ሆድ ይፍጀው»። ወንድ ልጅ አያለቅስም። ሴቷም «አመል አላት» እንዳትባል ትስቃለች። ሆድ ግን ስንቱን ይፍጀው? ሆድም እኮ ይሞላል።

እዚህ ላይ ከደጃችን ያለውን ነገር ልብ እንበል። የወሎ ሰው ቅሬ አለው። ደሴ ውስጥ ሰው ሲሞት ሐዘንተኛው «ጽና» ተብሎ ብቻውን አይተውም። የቅሬው አባል ሥራውን ጥሎ ይመጣል፣ መቃብር ይቆፍራል፣ ምግብ ያመጣል፣ አብሮ ይቀመጣል። ክርስቲያኑ ለሙስሊሙ፣ ሙስሊሙ ለክርስቲያኑ ይደርሳል። የቀረ ይቀጣል። እናቶቻችንና አባቶቻችን ያን ሁሉ መከራ የተሻገሩት እያንዳንዳቸው ብረት ስለነበሩ አይደለም፤ ብቻቸውን ስላልነበሩ ነው።

ታዲያ የዚህ አገር ልጆች ሆነን ለቋሚ ቅሬ ማቋቋም እንዴት አቃተን? ሰው የሚሰበሰበው ሬሳ ሲወጣ ብቻ ነው ወይ?

ስለዚህ የሚከተለውን እናቀርባለን።

አንደኛ፣ በየዶርሙ ቅሬ ይቋቋም። ማኅተምም ሊቀመንበርም አያሻውም። የልጆቹ ስም በአንድ ወረቀት ላይ ይጻፍ፤ ከመካከላቸው ሁለት ቀን ከክፍል ወይም ከካፌ የቀረ ካለ አንዱ ሄዶ «ምን ሆነህ ነው?» ይበለው። መልስ ባይሰጥም አጠገቡ ይቀመጥ። ነን ካፌ የሆነውም ከመዝገቡ አይውጣ።

ሁለተኛ፣ ቅሬው ሐኪም እንዳልሆነ ይወቅ። ጓደኛችን ስለ ሞት ማውራት ከጀመረ «ይቀልዳል» ብለን አንለፈው፤ በዚያው ሌሊት ፕሮክተሩን ቀስቅሰን፣ ይዘነው ሐኪም ቤት እንሂድ። «አማኑኤል» የሚለውን ስምም ከቀልዳችን እናውጣው፤ ሰው የሚታከምበት ቤት ነው።

ሦስተኛ፣ ከየዩኒቨርሲቲው አስተዳደር የምንጠይቀው አለን። የትምህርት ጊዜ ሲጨመቅ በፈተናና በፈተና መካከል መተንፈሻ ይኑር። የምክር አገልግሎት ቢሮ ተማሪ ሲገባ ሁሉ በማያየው ቦታ ይሁን፤ ከክፍል በምንወጣበት ሰዓትም ክፍት ይሁን። ለስብከት የሚወጣው ገንዘብ ለዚህ ይዋል።

«ይህ ተማሪን ማሞላቀቅ ነው» የሚል እንደሚነሣ እናውቃለን። ለእሱ መልሳችን አጭር ነው። ያ ጓደኛችን አልተሞላቀቀም። ሁለት ወር ሙሉ ሐዘኑን በሆዱ ይዞ ክፍል ገብቷል፣ ሁለት ኩዊዝ ተፈትኗል። ከእሱ በላይ ጽኑ አላየንም። የጎደለው የሚጠይቀው ሰው ነበር፤ ያ ሰው ደግሞ እኛ ነበርን።

አቋማችን ይህ ነው። የሚቃወም ካለ ለሚቀጥለው እትም ይጻፍ። ከዚያ በፊት ግን፣ ዛሬ ማታ መብራት ሳይጠፋ፣ ቀና ብሎ ላይኛውን አልጋ ይይ።