ያልተከፈተ ቅጂ

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ አበው። የዘመናችን ጽሑፍ ግን ከብራና ይልቅ በኮምፒውተር ሆድ ውስጥ የሚያድር ነውና፣ ለመወረስ አንድ ነገር ይቀረዋል፤ ተከፍቶ መነበብ።

ይህን የምጽፈው ከአንኮበር ቁልቁል ካለችው ከአሊዩ አምባ ነው። ይህች ከተማ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከታጁራ ጠረፍ የሚነሣው ቅፍለት ሸዋ የሚደርስባት ገበያ ነበረች። ግመሉ ስለተንበረከከ ብቻ ዕቃው ደኅና ገባ አይባልም፤ ጭነቱ ተፈትቶ መታየት አለበት። ቅጂም እንዲሁ ነው ባይ ነኝ።

የደራሲ ቅጂ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ፋይሎችን መርጦ መገልበጥ ነው። ሌላው መላውን ዲስክ ከነፕሮግራሙና ከነፎንቱ እንዳለ ማስቀረት፣ ማለትም የዲስክ ምስል ማንሣት ነው። ቁም ጸሐፊ የመጽሐፉን ቃል ይገለብጣል፤ እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት የማይክሮፊልም ሥራ ግን ገጹን ከነኅዳግ ማስታወሻው አነሣው። በዚህ ሥራ ወደ 9,000 ገደማ ጥራዞች ተነሡ። ቅጂው አሜሪካ፣ ሚኔሶታ ውስጥ በኮሌጅቪል ስለተቀመጠም ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ከአገር ርቀው ሳሉ መረመሩት፤ ካታሎግም አዘጋጁለት። ፊልሙን ሕያው ያደረገው መነሣቱ ብቻ ሳይሆን መነበቡም ነው።

ምስሉ ለአማርኛ ጸሐፊ የተለየ ዋጋ አለው። ፊደላችን ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለዓመታት፣ ብዙ ጽሑፍ የተጻፈው ፊደሉን በላቲን ሆሄያት ቦታ በሚያስቀምጡ ፎንቶች ነበር። ፎንቱ ከጠፋ ልብ ወለዱ የምልክት ክምር ይሆናል።

ምስል ማንሣቱ ሲሰናከል መንስኤው ብዙ ጊዜ ግልጽ ነው። የውጭው ዲስክ በፋት 32 የተሰናዳ ከሆነ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ነጠላ ፋይል አይቀበልም፤ ምስሉን ከፋፍሎ ማስቀመጥ፣ ወይም በውስጡ ያለውን አስቀድሞ አውጥቶ ዲስኩን በኤንቲኤፍኤስ ፎርማት ማድረግ ያሻል። ንባቡ መሐል ላይ የሚቆም ከሆነ ዲስኩ ራሱ ታሞ ሊሆን ይችላልና፣ ከሁሉ በፊት የእጅ ሥራዎን በፋይል ያውጡ። ሥራው ካለቀ በኋላም ምስሉን ፕሮግራሙ እንዲያረጋግጥ ያድርጉ፤ ከፍተውም አንድ ምዕራፍ ያንብቡበት። ሙሉ ፈተናው ምስሉን ወደ ትርፍ ዲስክ መመለስ ነው። በሚሠሩበት ዲስክ ላይ ግን አይሞክሩት፤ መመለስ ነባሩን ይደመስሳልና።

«ምስል አሮጌውን ኮምፒውተር ከነእርጅናው ማቆየት አይደለምን?» የሚል ይኖራል። እውነት አለው። ስለዚህ ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ መለወጥም ግድ ነው። ሆኖም ልወጣው ፊደል ቢያዛባ ዳኛው ዋናው ነው፤ ዋናውን ደግሞ በትክክል የሚያሳየው ከነፎንቱ የተነሣው ምስል ነው።

ግጥሙን በአንድ ኮምፒውተር ብቻ ያኖረ ገጣሚ በየትም ከተማ አለ። መብራት ሲሄድና ሲመጣ ያን ኮምፒውተር ሊጎዳው ይችላል፤ ሌባም ሊወስደው ይችላል። ስለዚህ አንዱ ቅጂ ከቤት ውጭ፣ በታመነ ወዳጅ ዘንድ ይደር። ወዳጁም ይክፈተው፣ ያንብበውም። ውርስ የሚጀምረው ከዚያ ነው።