መቅረጸ ድምፅ ስንገዛ ጆሯችንን እናስቀድም

ሰሞኑን በክበባችን ውስጥ አንድ ክርክር ተነስቷል። ከየኪሳችን አዋጥተን ያጠራቀምናት ገንዘብ ምን ይገዛባት? ገሚሱ «ትልቅ ድምፅ ማጉያ ይገዛ፤ በወላጆች ቀን ግቢው ይንቀጥቀጥ» ይላል። ገሚሱ ደግሞ መቅረጸ ድምፅ ይገዛ ባይ ነው። በመቅረጫ ፈላጊዎቹም መካከል ስምምነት የለም፤ አንዱ ስልክ ይበቃናል ይላል፤ ሌላው ስቱዲዮ ካልሆነ አይሆንም ይላል። እኔም በበኩሌ የሚታየኝን በዚህች ግድግዳ ላይ ላስፍር።

አቋሜ ባጭሩ ይኼ ነው፤ በኪስ የምትያዝ፣ በባትሪ ድንጋይ የምትሠራ፣ ሁለት ማይክሮፎን ያላት አንዲት መቅረጫ ትገዛ። ስንመርጣትም «ፒያኖ መቅረጽ ትችላለች ወይ?» ብለን እንጠይቅ።

«ደግሞ ፒያኖን ምን አመጣው?» የሚል አይጠፋም። ያመጣሁት ፈተናው ከባድ ስለሆነ ነው። ፒያኖ 88 ቁልፎች አሉት። የወፍራሙ ክር ድምፅ በሰከንድ 27 ጊዜ ተኩል ይርገበገባል፤ የቀጭኑ ከ4 ሺህ 100 ጊዜ በላይ። መዶሻው ክሩን ሲመታ ድምፁ ድንገት ይፈነዳል፤ ከዚያ ቀስ እያለ ይከስማል። በዚያ ላይ ተሸክመውት የሚሄዱት ዕቃ አይደለም፤ መቅረጫው ነው ወዳለበት መሄድ ያለበት። እንግዲህ ፒያኖን አስተካክላ የያዘች መቅረጫ ዋሽንትና መሰንቆ፣ የሕፃናት ዜማና የሽማግሌ ተረት አያቅታትም።

ለዚህ ከአገራችን ምስክር አለ። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ እ.ኤ.አ. በ1923 አዲስ አበባ ተወልደው በ2023 ኢየሩሳሌም ያረፉ፣ የፒያኖ ድርሰታቸው በዓለም የታወቀ መነኩሲት ናቸው። የመጀመሪያ ሸክላቸው በ1967 በጀርመን አገር ታትሟል። ከ1977 እስከ 1985 ባሉት ዓመታት ግን አዲስ አበባ በቤተሰባቸው ቤት ሆነው፣ ፒያኖ እየመቱና እያዜሙ በተራ የካሴት ቴፕ ይቀርጹ ነበር። ያ ቅጂ «ሱቬኒርስ» በሚል ርእስ በ2024 ለሕዝብ ወጣ። ከመስኮቱ ውጭ የወፍ ድምፅ ሁሉ ይሰማበታል። ታዲያ «ስቱዲዮ እስኪገኝ ልጠብቅ» ቢሉ ኖሮ ዛሬ ምን እንሰማ ነበር? ከዚህ የምንማረው የተገኘው ዕቃ ሁሉ እኩል ነው ማለትን አይደለም። ዋናው ነገር መቅረጫው በዚያች ቀን፣ በዚያች ክፍል ውስጥ መገኘቱ ነው።

አሁን ወደ ስልክ ደጋፊዎች ልምጣ። ስልክ ንግግር ይቀርጻል፤ አልክድም። ነገር ግን ብዙው ስልክ የድምፁን ልክ ራሱ ከፍ ዝቅ ያደርጋል። ፒያኖው ጮክ ሲል ያፍነዋል፤ ሊከስም ሲል ደግሞ ያጎላዋል። ያን ጊዜ የክፍሉ ሹክሹክታ አብሮ ይነሳል፤ የተጫዋቹም የጣት ብርታትና ልስላሴ አንድ ዓይነት ሆኖ ይቀራል። ይኼ ለሙዚቃ ትልቅ ጉዳት ነው።

የስቱዲዮ ወዳጆችስ? ሁለት ጥሩ ማይክሮፎን፣ 48 ቮልት የሚሰጣቸው ማገናኛ፣ ኮምፒዩተር፣ ገመድ፣ ኮረንቲ! ውጤቱ እንደሚያምር አውቃለሁ። ግን መብራት ሲጠፋ ምን ይኮናል? ከእንጅባራ ዳንግላ በሚኒባስ፣ ከዚያ ወዲያ በእግር ማን ይሸከመዋል?

ስለዚህ መካከለኛውን እንያዝ። ለምሳሌ ዙም ኤች 1 ኤን እና ታስካም ዲ አር 05 የሚባሉት መቅረጫዎች እያንዳንዳቸው በሁለት ድንጋይ ይሠራሉ፤ የድምፁንም ልክ በእጅ መወሰን ይቻላል። ለእኔ ከስሙ ይልቅ ይኼኛው ነው ቁም ነገሩ። ያገለገለም ቢሆን ደህና ከሆነ አይናቅም። በ24 ቢትና በ48 ኪሎ ኸርዝ ሳይጨመቅ ቢቀረጽ አንድ ሰዓት ወደ 1 ጊጋባይት ይወስዳል፤ 32 ጊጋባይት ካርድ ወደ 30 ሰዓት ይይዛል ማለት ነው። የሚተርፈው ገንዘብ ለጆሮ ማዳመጫና ለመቆሚያ ይዋል። ውድ መቅረጫ ገዝቶ ጠረጴዛ ላይ ከመጣል፣ ርካሹን በመቆሚያ ማቆም ይሻላል።

አጠቃቀሙም አይከብድም። መቅረጫዋ ፒያኖው ላይ አትቀመጥ፤ የፔዳሉና የቁልፉ ኳኳታ በእንጨቱ በኩል ይገባባታል። የቋሚውን ፒያኖ የላይ ክዳን ከፍቶ፣ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ርቆ፣ በጆሮ ከፍታ ማቆም ነው። ተጫዋቹ ብርቱውን ቦታ ይምታ፤ መለኪያው ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ ላይ ሲደርስ ልኩ ይተው። አንድ ደቂቃ ቀርጾ በማዳመጫ መስማት፤ ካልጣመ መቅረጫዋን ግማሽ እርምጃ ማንቀሳቀስ። ይኼ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ትዕግሥት ብቻ። የእኛ አገር ክረምት ደግሞ ቆርቆሮ ላይ ሲያንጎደጉድ አያስወራም፤ ስለዚህ ዝናቡ ሳይመጣ በጧት መቅረጽ ነው።

ይኼን ሁሉ የምለው ለምንድን ነው? ነገ ተመርቀን ወደየቀበሌው ትምህርት ቤት እንበተናለን። በአውኚ የሚዘፈነውን የልጆች ጨዋታ፣ የሽማግሌዎቹን ተረት፣ በጥር 23 የፈረሰኞች በዓል የሚሰማውን ፉከራ ለክፍል ትምህርት ብንፈልገው ከየት እናመጣዋለን? ማን ቀረጸልን? ለፈረሱ ሜዳ የነፋስ መከላከያ ስፖንጅ ይጨመር እንጂ መቅረጫዋ ያችው ናት።

ድምፅ ማጉያ ለአንድ ቀን መከራየት ይቻላል፤ ያለፈ ድምፅ ግን በኪራይ አይገኝም። እስቲ ገንዘቧ ከእጃችን ሳትወጣ እንነጋገርበት። የተለየ ሐሳብ ያለውም ከዚህ ጽሑፍ ጎን ይለጥፍ።

ከአንድ ዕጩ መምህር