«አጥፍታችሁ አብሩት»

ከግቢ ውጭ ቤት ተከራይተን የምንኖር ተማሪዎች በተሰበሰብን ቁጥር ሁለት ነገር ሳናነሣ አንለያይም፤ አንደኛው የቤት ኪራይ ሲሆን ሁለተኛው ኢንተርኔት ነው። ስለ ኪራዩ ከእኛ በፊት ብዙዎች ጽፈዋል፤ ወደ ፊትም ይጽፋሉ። እኛ ዛሬ ብዕራችንን ያነሣነው ስለ ሁለተኛው ነው። ምናልባት አንዳንድ አንባቢ፣ «አገር ይህን ሁሉ ችግር ተሸክማ ስለ ሽቦ ይጻፋልን?» ብሎ ይታዘበን ይሆናል። እንዲህ የሚለን ወዳጅ ጥቂት ይታገሠን፤ ነገሩ የሽቦ ብቻ አለመሆኑን ወደ መጨረሻው ይደርስበታል።

አራት ሆነን በተከራየነው ቤት የስልክ መስመር ነበረና በዚያው መስመር ኢንተርኔት አስገባን። ሒሳቡንም በየወሩ ቀን ሳናሳልፍ እንከፍላለን። በበጋው ወራት የሚያስከፋ ነገር አልነበረም። ሰኔ ከገባ በኋላ ግን መስመሩ እንደ ወባ በሽተኛ አንድ ጊዜ ሲነሣ አንድ ጊዜ ሲወድቅ ከረመ። ከመካከላችን አንዱ ለነፃ የትምህርት ዕድል ማመልከቻውን ሊልክ ሦስት ምሽት ተቀመጠ፤ ሦስቱንም ምሽት ተቋረጠበት። በእጅ ስልኩ ቢሞክር በሠፈራችን ያለው ሞገድ ደካማ ነውና ፋይሉ ግማሽ እየደረሰ ይቆማል። በመጨረሻው ማታ በዝናብ ሮጦ ጓደኛው ቤት ሲደርስ ሰዓቱ አልፎ ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ የተዘጋጀበት ነገር እንዲህ ሆኖ ቀረ።

ወደ አቅራቢው ድርጅት የደንበኞች አገልግሎት ደወልን። ከብዙ ሙዚቃ በኋላ አንዲት ትሑት ድምፅ፣ «ጌታዬ፣ ሞደሙን አጥፍተው ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ያብሩት» አለችን። አጠፋን፤ አበራን። በማግሥቱ ስንደውል ያነሣው ሌላ ሰው ነበርና ታሪካችንን እንደገና ከሀ ጀምረን ነገርነው። እርሱም፣ «አጥፍታችሁ አብሩት» አለ። በአምስተኛው ጊዜ ቅሬታችን ተመዝግቦ ቁጥር ተሰጠን። ከሁለት ቀን በኋላ ችግራችን መፈታቱን የሚያበሥር አጭር መልእክት በእጅ ስልካችን ደረሰን። መልእክቱን ያነበብነው የሞደሙ መብራት ጠፍቶ ሳለ ነው።

በደለኛ ላለመሆን አንድ ነገር እናምናለን። «አጥፍታችሁ አብሩት» ማለት የሞኝ ምክር አይደለም። ሞደምም እንደ ማናቸውም ኮምፒዩተር አንዳንድ ጊዜ ይደናገራል፤ ሲጠፋና ሲበራም ከመስመሩ ጋር እንደ አዲስ ይስማማል። ስሕተቱ ምክሩ የመጀመሪያ መሆኑ ሳይሆን የመጀመሪያውም የመጨረሻውም እርሱ መሆኑ ነው። ራስ ምታት ላለበት ሰው አንድ ጊዜ ውኃ ጠጣ ማለት ተገቢ ነው፤ አምስት ጊዜ ለተመለሰ በሽተኛ አሁንም ውኃ ጠጣ የሚል ሐኪም ግን ሐኪም አይባልም።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንደሚባለው፣ እኛም የበሽታውን ምልክት ለይተን ለማወቅ አንድ ደብተር ከፈትን። አንባቢም ይጠቅመው እንደሆነ ያደረግነውን በቅደም ተከተል እንነግረዋለን።

በመጀመሪያ ዋይፋዩን ተውነውና ኮምፒዩተሩን በኬብል ከሞደሙ ጋር አገናኘን። ብዙ ሰው ኢንተርኔት ጠፋ የሚለው በእርሱና በሞደሙ መካከል ያለው ግድግዳ ወይም የጎረቤት ዋይፋይ ሞገዱን ሲያውክበት ነውና። በኬብልም ቢሆን መቋረጡ አልቀረም፤ ስለዚህ ዋይፋዩ ነፃ ወጣ። ሁለተኛ፣ ፒንግ በሚባለው ትእዛዝ መጀመሪያ ሞደሙን፣ ቀጥሎ ሩቅ ያለ አድራሻ ጠየቅን። ሞደሙ ሁልጊዜ ሲመልስ ሩቁ ግን ዝም ይላል፤ ስለዚህ ጉድለቱ ከሞደሙ ወዲህ እንዳልሆነ ታወቀ። ሦስተኛ፣ በቤት ውስጥ ያለውን የስልክ ሽቦና ማጣሪያ ሁሉ ነቅለን ሞደሙን መስመሩ ከውጭ ከሚገባበት ሶኬት ላይ ብቻ ሰካነው። ለውጥ አልነበረም፤ ስለዚህ የቤታችን ሽቦም ነፃ ወጣ።

አራተኛ፣ መዘግየትን ከመቋረጥ ለየን። ማታ ከ2 ሰዓት በኋላ ሠፈሩ ሁሉ ሲገባበት ኢንተርኔቱ ይንቀራፈፋል፤ የሞደሙ የመስመር መብራት ግን አይጠፋም። ይህ የመጨናነቅ ምልክት ነው። የእኛ በሽታ ሌላ ነበር፤ መብራቱ ራሱ ይጠፋል፤ ይኸውም ዝናብ ሲዘንብና ከዘነበ በኋላ ባሉት ሰዓታት ነው። በሞደሙ ገጽ ላይ በዴሲቤል የሚጻፍ አንድ ቁጥር አለ፤ የመስመሩ ድምፅ ከጫጫታው ምን ያህል ተርፎ እንደሚሰማ የሚያሳይ ነው። ቁጥሩ ከ6 በታች ሲወርድ መስመሩ መቋረጥ ያበዛል። በእኛ ቤት በደረቅ ቀን 11 የነበረው ዝናብ ሲዘንብ 4 ይሆን ነበር። የስልኩን እጀታ ብናነሣም ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ጠጠር ይንኮሻኮሻል። እንግዲህ የመዳብ ሽቦ መጋጠሚያው ላይ ውኃ ከገባ መዳቡ ይዝጋል፤ የዛገ መጋጠሚያም ጫጫታ ያበዛል። ደብተራችን በሦስት ሳምንት ውስጥ ጣቱን ወደ አንድ ቦታ ቀሰረ፤ ከቤታችን ውጭ ወዳለው ምሰሶ።

ይህን ሁሉ ጽፈን፣ ቀንና ሰዓት ቆጥረን ለአቅራቢው አቀረብን። የተሰጠን መልስ ምን ነበር? አንባቢ ራሱ ይገምተው፤ የጽሑፋችን ርእስ ነው።

አሁን የምናፍርበትን እንናገር። ከመካከላችን የአንዱ አጎት በዚያው ድርጅት ውስጥ የሚሠራ ሰው ያውቃል። ተከራክረን ተከራክረን በመጨረሻ ተደወለላቸው። በማግሥቱ ጠዋት ሠራተኛው መሰላሉን ተሸክሞ መጣ። በምሰሶው ላይ ያለውን ሳጥን ሲከፍት ክዳኑ ተሰንጥቆ ውኃ ሲገባበት እንደ ኖረ፣ መጋጠሚያው አረንጓዴ ዝገት እንዳወጣ አሳየን። ቆርጦ፣ አዲስ አጋጥሞ፣ ጠቅልሎ ጨረሰ። የፈጀበት ጊዜ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ሦስት ሳምንት የተጻፈ ማስረጃ ያላንቀሳቀሰውን መሰላል አንድ የአጎት ድምፅ አንቀሳቀሰው።

ከዚያው ሳጥን መስመራቸው የሚወጣ አንዲት ጎረቤት አሉን፤ እማማ እንላቸዋለን። ውጭ አገር ያለች ልጃቸው በየእሑዱ የምትደውልላቸው በዚያ ስልክ ነው፤ ስልካቸውም ካለፈው ክረምት ጀምሮ ሲንኮሻኮሽ «እርጅና ጆሮዬን ያዘው» እያሉ ይቀመጣሉ። ሠራተኛውን የእርሳቸውንም እንዲያይልን ለመንነው። «የእርሳቸው ትእዛዝ አልተጻፈልኝም፤ ሌላ ሦስት ቤት ይጠብቀኛል» አለ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ላቡ እየወረደ የሚሠራ ሰው ነው። ሳጥኑን ዘጋው፤ ሄደ። እማማም በር ላይ ቆመው፣ «የእናንተ ተሠራላችሁ? እሰይ ልጆቼ!» አሉን። መልስ አጣን።

እንግዲህ ነገሩ የሽቦ ብቻ አይደለም ያልነው ይህን ነው። አጎት ያለው ይሠራለታል፤ አጎት የሌለው ጆሮው የደከመ ይመስለዋል። ስልኩን ለምታነሣው ልጅ አንቈጣም፤ የተጻፈላትን ታነባለች እንጂ ምሰሶ ላይ አትወጣም። የምንወቅሰው አሠራሩን ነው። ቅሬታ የተዘጋ ቁጥር እንጂ የተጠገነ መስመር የማይቈጠርበት አሠራር ሠራተኛውን በትሕትና እንዲዋሽ፣ ደንበኛውንም አጎት እንዲፈልግ ያስተምራል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን። አቅራቢዎች ሆይ፣ የቅሬታ ቁጥር ደንበኛው ተፈታልኝ ሳይል አይዘጋ፤ ስልክ የሚያነሣው ሁሉ የትናንቱን ታሪክ ከፊቱ ያንብብ፤ ሳጥን የከፈተ ሠራተኛም በሳጥኑ ውስጥ ያየውን ብልሽት ሁሉ እንዲጠግን ጊዜና ሥልጣን ይሰጠው። ለመንግሥትም የምንለው አለን። ኢንተርኔት በአገራችን በ1989 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የጥቂቶች ነበረ፤ ዛሬ ግን የተማሪ ደብተር ሆኗል። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የተጠቃሚውን መብት የመጠበቅ አደራ አለበትና፣ ባልተሠራበት ቀን ሒሳብ እንዳይታሰብ በብርቱ ይቈጣጠርልን።

ሦስተኛው ለራሳችን ነው። ዝም አይነቅዝም ይላሉ አበው፤ ሽቦ ግን ዝም ሲሉት ይዝጋል። ማኅበራችን በየሠፈሩ ያሉትን ተማሪዎች ደብተር ይሰብስብ፤ የምሕንድስና ተማሪዎችም መዝገብ አያያዙን ለሌላው ያስተምሩ። አንድ ቤት ብቻውን ሲጮኽ «አጥፍታችሁ አብሩት» ይባላል፤ በአንድ ሳጥን ሥር ያሉ አሥር ቤቶች ቀንና ሰዓት ጽፈው በአንድ ወረቀት ሲፈርሙ ግን እንዲህ ለማለት ያስቸግራል። እኛ የእኛን ሳጥን ጀምረናል። በወረቀቱ ላይ የመጀመሪያውን ፊርማ ያኖሩት እማማ ናቸው።