«ባሕሩ የእነርሱ ነው» ላሉት ጸሐፊ

«የአትላንቲክ ውቅያኖስ ዝውውር ቢደክም፣ አዲስ አበባ ላምበረት ላይ ክረምትን ለሚጠብቅ ሰው ምኑ ነው?» ሲሉ የጻፉትን ሊቅ፣ አንደበታቸው ምንም ያማረ ቢሆን፣ የጣና ደለል ይመሰክርባቸዋል። ከሐይቁ ወለል ተቆፍሮ የወጣው ጭቃ እንደሚያስረዳው፣ ከዛሬ 17,000 ዓመት ገደማ በፊት፣ በሰሜን አትላንቲክ ግግር በረዶ ፈርሶ ጨው አልባው ውሃ ባሕሩን በሸፈነበትና ሙቀትን ወደ ሰሜን የሚያደርሰው ዝውውር እጅግ በደከመበት ዘመን፣ ክረምትን የሚያመጣው የዝናም መቀነት ወደ ደቡብ አፈግፍጎ፣ ጣና፣ ዓባይ የሚወጣበት ጣና፣ ደርቆ ነበር።

የዝውውሩ መለኪያ የተዘረጋው በ2004 እ.ኤ.አ. ስለሆነ መድከሙ ተረት ነው ማለታቸውም አያዋጣም። በ26.5 ዲግሪ ሰሜን በየሰከንዱ ወደ 17 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ የሚመዘግበው መሣሪያ፣ የሃያ ዓመት ምስክርነቱ የዘመናትን ለውጥ ለመፍረድ አይበቃም፤ ይሁን እንጂ ገና ያልተፈረደ ነገር ሐሰት ነው ያለ ዳኛ የለም። በ2021 እ.ኤ.አ. የወጣው የበይነ መንግሥታት የአየር ንብረት ለውጥ ፓናል ዘገባም፣ በዚህ ምእት ዓመት ድንገት ይቆማል ባይልም፣ መድከሙ እጅግ የሚያመዝን መሆኑን፣ ቢቆም ግን የአፍሪካ የክረምት ዝናም እንደሚሳሳ ጽፏል።

እንጦጦ ላይ የወረደው ዝናም በሰሜን ወደ ዓባይ፣ በደቡብ ወደ አዋሽ ይከፈላልና፣ ክረምቱ ቢሳሳ ጉዳቱ ለሁለቱም ነው፤ ስለዚህ ጸሐፊው «ምኑ ነው» ያሉትን ቃል ይመልሱ።