በዲሽና በአንቴና መካከል ስላለው ልዩነት ለኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ መገናኛ ብዙኃን ባለሥልጣን ዋና ዳይሬክተር
አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፣

ከካራማራ ተራራ በስተ ምሥራቅ በተዘረጋው ሜዳ፣ በጅጅጋና በዙሪያዋ ባሉት ከተሞች፣ በቀብሪበያህ፣ በሐርቲ ሼክ፣ በአውባሬና በቶጎ ውጫሌ የሚኖረውን ሕዝብ ስለሚመለከት አንድ ጉዳይ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተነሥቻለሁ። ጉዳዩም በሀገራችን «ነፃ» ተብሎ የሚሠራጨው ቴሌቪዥን ከሳተላይት ሲወርድ ሌላ፣ በምድር ሞገድ ሲደርስ ሌላ መሆኑ ነው። ከአንዱ ከእርስዎ መሥሪያ ቤት ፈቃድ የተቀበሉት ጣቢያዎች ዲሽ ላለው ሰው በብዛት ተሰልፈው ሲታዩት፣ በጣሪያው ላይ አንቴና ብቻ ላቆመው ሰው ግን ከእነዚያ ሁሉ መካከል የሚደርሱት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው።

ነገሩ ከሥሩ ሲመረመር እንዲህ ሆኖ ይገኛል። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ሥርጭቱን ሲጀምር መንገዱ አንድ ብቻ፣ እርሱም የምድር ሞገድ ነበረ፤ ሞገዱም ከተራራ ወደ ተራራ እየተቀባበለ በየክፍለ ሀገሩ በደረሰ ጊዜ፣ የደረሰው ሰው ሁሉ፣ ባለጠጋም ሆነ ድኻ፣ ያየው ያንኑ ነበረ። ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ ግን በመጀመሪያ ኢቢኤስ፣ በ2008 ዓ.ም. ቃና፣ ከዚያም በኋላ ፋናና ዋልታ፣ ሌሎችም ብዙዎች በሳተላይት መንገድ ስለ መጡ፣ የክልሎቹም ጣቢያዎች ያንኑ ፈለግ ስለ ተከተሉ፣ የምድሩ ሥርጭት በነበረበት ቆሞ ቀረ። ጣቢያዎቹ ይህን መንገድ መምረጣቸው አያስወቅሳቸውም፤ አንዲት ሳተላይት ከጎዴ እስከ መተማ ያለውን ምድር በአንድ ቅጽበት ስትሸፍን፣ በምድር ያንኑ ለማድረስ በየከፍታው ማሠራጫ መትከል፣ መብራት መሳብ፣ ጠባቂና ጠጋኝ ማኖር ያስፈልጋልና፤ ይህንም ወጪ አንድ የግል ጣቢያ ብቻውን እንዲሸከም መጠየቅ ርትዕ አይሆንም።

በ2012 ዓ.ም. የሀገራችን ጣቢያዎች በማኅበራቸው አማካይነት መቀመጫው በሉክሰምበርግ ከሆነው ከኤስ.ኢ.ኤስ. ኩባንያ ጋር ተስማምተው፣ በምሥራቅ 57 ዲግሪ ላይ በቆመችው ሳተላይት «ኢትዮሳት» የተባለውን የጋራ ሥርጭት ሲያቋቁሙ፣ ወጪውን ተጋርተው በአንድ ሥፍራ መሰብሰባቸው ሠናይ ሥራ ነበረ፤ እኔም ይህን በቅንነት አመሰግናለሁ። ነገር ግን የዚህ ለውጥ ዋጋ በተመልካቹ ላይ እንዴት እንዳረፈ በዚህ በእኛ ሀገር በኩል መታየት ይገባዋል። በጅጅጋ ለቆመ ሰው፣ ጣቢያዎቹ ቀድሞ የነበሩበት፣ በተለምዶም «ናይልሳት» ይባል የነበረው አቅጣጫ በምዕራብ፣ በካራማራ በኩል ባለው ሰማይ ዝቅ ብሎ የሚገኝ ሲሆን፣ ኢትዮሳት ግን በምሥራቅ፣ ወደ መኻል ሰማይ ተጠግቶ ይገኛል፤ ስለዚህም አንዱን የሚያይ ዲሽ ሌላውን ሊያይ አይችልም። በረመዳን ሌሊቶች ከመካ የሚተላለፈውን ሶላት ከዐረብ ሳተላይቶች ለመከታተል የሚሻ ቤተሰብ፣ የሀገሩን ዜና ደግሞ ከኢትዮሳት ለማግኘት ሲፈልግ፣ ሁለት ዲሽና ሁለት ኤል.ኤን.ቢ. ይገዛል፤ ዲሽ ለሚያዞረውም ባለሙያ ይከፍላል፤ ነፋስ ባነቃነቀው፣ ፍሪኩዌንሲም በተለወጠ ቁጥር ደግሞ ይከፍላል። ገንዘቡ የሌለው ከሁለቱ አንዱን ይመርጣል። በክራይ ክፍል የሚኖረው ወዛደር፣ አከራዩ በጣሪያው ላይ ዲሽ እንዲያቆም ያልፈቀደለት፣ ከሁለቱም ወጥቶ የሻይ ቤት ተመልካች ሆኖ ይቀራል። ለእንደዚህ ያለው ሰው «ነፃ» የሚለው ቃል የሚፈጸመው ያለ ዲሽ፣ በቀላል አንቴና የሚደርሰው ሥርጭት ሲስፋፋለት ብቻ ነው።

በዚህም ላይ የምድራችን አቀማመጥ ይጨመራል። የቴሌቪዥን የምድር ሞገድ ከማሠራጫው እስከ አንቴናው ድረስ ዐይን ለዐይን እንደሚተያዩ ሆኖ ካልሄደ ይደክማል፤ ከሐረር በኩል ለሚመጣው ሞገድ ካራማራ እንደ ግንብ ቆሞ ሜዳውን ይጋርዳል። ነገር ግን ያው ተራራ፣ ጫፉ ላይ በቂ ኃይል ያለው ማሠራጫ ሲቆምበት፣ በስተ ምሥራቅ ያለውን ሜዳ እጅግ ርቆ የሚመለከት ከፍታ ነው። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በነበረው የኢትዮጵያና የሶማሊያ ጦርነት ሁለቱ ሠራዊቶች ስለዚህ ከፍታ ያን ያህል ደም ማፍሰሳቸው፣ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ጅጅጋ እስክትያዝ ድረስ ውጊያው በእርሱ ላይ መበርታቱ፣ ካራማራን የያዘ ሜዳውን ሁሉ የሚያይ በመሆኑ ነው። ያን ጊዜ ለመድፍ የተፈለገው ከፍታ ዛሬ ለቃልና ለምስል ቢውል፣ ይህን በዐይናቸው ለማየት የበቁት አረጋውያን ምን ያህል ደስ እንደሚላቸው ለክቡርነትዎ መግለጽ ያዳግተኛል።

የዘመኑም ጥበብ ለዚህ ይረዳል። መንግሥታት በ1998 ዓ.ም. በጄኔቭ ተሰብስበው ሥርጭታቸውን ወደ ዲጂታል ለማሻገር ሲስማሙ፣ ለአብዛኛው ፍሪኩዌንሲ የቆረጡት ቀን ሰኔ 10 ቀን 2007 ዓ.ም. ነበረ። ቀኑ ካለፈ ዓመታት ተቆጥረዋል። በአናሎግ አንዱን ጣቢያ ብቻ ይሸከም የነበረ ፍሪኩዌንሲ በዲጂታል ዐሥርና ከዚያም በላይ ጣቢያዎችን ስለሚሸከም፣ ቀድሞ «ቦታ የለም» ይባል የነበረው ምክንያት ይወገዳል፤ አንድም ማሠራጫ ለብዙዎች ስለሚበቃ ለእያንዳንዱ ጣቢያ የሚደርሰው ወጪ ይቀላል። ጎረቤታችን ኬንያ እ.ኤ.አ. በ2015 አናሎጉን ስትዘጋ፣ ታላላቆቹ የግል ጣቢያዎች ሥርጭታችንን ማን ይሸከም በሚለው ክርክር ለሳምንታት ከአየር ላይ ጠፍተው ሕዝቡ ተጨንቆ ነበር፤ ይህ ክርክር በእኛ ዘንድ ሳይነሣ አስቀድሞ በደንብ ሊበየን ይገባል። በብሪታንያ ደግሞ በአንቴና የሚታየው ፍሪቪው እ.ኤ.አ. በ2002፣ በዲሽ የሚታየው ፍሪሳት በ2008 ተቋቁመው ሳለ፣ በሁለቱ የሚገኙት ጣቢያዎች እስከ ዛሬ በሙሉ አንድ አይደሉም፤ በሸለቆ ውስጥ ያሉ መንደሮች ከትንንሾቹ ማሠራጫዎች የሚያገኙት የንግድ ጣቢያዎቹን ሁሉ አይደለም። ቢሆንም የሕዝብ አገልግሎት ተብለው የተለዩት ጣቢያዎች ለእነዚያ ሸለቆዎችም እንዲደርሱ ሥርዓት ተሠርቶላቸዋል። እኔም ሁሉም በሁለቱ መንገድ እኩል ይሁን ብዬ አልማልድም፤ የምማልደው ሳይጎድል ለሁሉ የሚደርሰው ክፍል እንዲለይ ነው።

ይህን ለመለየት ሕጉ መሠረት አለው። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 5 የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ሁሉ በመንግሥት ዘንድ እኩል እውቅና እንዳላቸው፣ በአንቀጽ 29 ደግሞ በመንግሥት ገንዘብ የሚካሄድ መገናኛ ብዙኃን ልዩ ልዩ አስተያየቶችን ማስተናገድ በሚችልበት ሁኔታ እንዲመራ ይደነግጋል። በ2012 ዓ.ም. ሶማሊኛ ከአፋን ኦሮሞ፣ ከትግርኛና ከአፋርኛ ጋር ተጨማሪ የፌዴራል የሥራ ቋንቋ እንዲሆን የሚኒስትሮች ምክር ቤት ወስኗል። በሶማሊኛ የሚናገረው የሶማሌ ክልል ቴሌቪዥን፣ ስቱዲዮው ካለበት ከጅጅጋ ወደ ሰማይ ወጥቶ፣ ሳተላይት ዞሮ፣ ዲሽ ወዳለው ጣሪያ ብቻ ተመልሶ የሚወርድ ከሆነ፣ አንቴና ብቻ ያለው ጎረቤት የገዛ ክልሉን ድምፅ ሳይሰማ መኖሩን ሕሊና ሊቀበለው አይገባም።

ስለዚህ ክቡርነትዎ በአዋጅ ቁጥር 1238/2013 በተሰጠዎ ሥልጣን፣ ሞገድን ከሚያስተዳድረው ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ጋር በመመካከር፣ የብሔራዊው ቴሌቪዥን ዋናው ሥርጭትና የቋንቋዎቹ ሥርጭት፣ በየክልሉም የክልሉ ጣቢያ፣ ከእነርሱም ጋር የትምህርት ሥርጭት፣ በዲጂታሉ የምድር መረብ ላይ ያለ ክፍያና ያለ ልዩነት እንዲሠራጩ በመመሪያ እንዲያስወስኑ፣ በካራማራ ላይ የሚቆመውም ማሠራጫ ኃይሉ እስከ ቶጎ ውጫሌ ድንበር ድረስ በሚገባ እንዲደርስ በመስክ ተለክቶ እንዲረጋገጥ በትሕትና እለምናለሁ። የዲጂታሉን ሥርጭት ለመቀበል የሚያስፈልገው ዲኮደር ዋጋው ድኻውን እንዳያስቀረው፣ ከቀረጥ ነፃ የሚሆንበትን መንገድ ለገንዘብ ሚኒስቴር ያሳስቡልን። ሳተላይትም ሆነ ፍሪኩዌንሲ በሚለወጥበት ጊዜ ማስታወቂያው አስቀድሞ፣ በአማርኛና በሶማሊኛ፣ ዲሽ የሌለውም በሚሰማበት በሬዲዮ ይነገር፤ በየወረዳው ጽሕፈት ቤትም በአንቴና የሚገኙትና በዲሽ የሚገኙት ጣቢያዎች ተለይተው በሰሌዳ ይለጠፉ። የመሥሪያ ቤትዎ መሐንዲሶች ለመለካት ወደ ተራራው ሲመጡ፣ የት የት መንደር ሥርጭቱ እንደሚጠፋ በቃሉ የሚያውቅ የሀገሩ ሰው መንገድ እየመራ ያደርሳቸዋል።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ከካራማራ ግርጌ፣ ጅጅጋ