ፋይል በየትኛው በር ይግባ?

በዛሬው ዘመን ንግድ ያለ ሒሳብ መዝገብ የማይጸና መሆኑ ለነጋዴ የሚነገር አዲስ ነገር አይደለም። አዲስ የሆነው መዝገቡ ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር በመዛወሩ ቀድሞ በሣጥንና በቁልፍ ይጠበቅ የነበረው ሰነድ ዛሬ በአንዲት ጠቅታ የሚከፈት፣ በአንዲት ጠቅታም የሚበላሽ መሆኑ ነው። ከንፋስ መውጫ እስከ ዐርብ ገበያ፣ ከወገዳ እስከ መካነ ኢየሱስ ባሉት ከተሞች እህልና ቆዳ ሰብስቦ የሚጭነው ነጋዴ፣ ሸቀጥ ከአዲስ አበባ የሚያስጭነው ባለሱቅም ጭምር ሊያስብበት የሚገባ አንድ ጉዳይ አለ። ይኸውም አንድ ፋይል ጠቅ በተደረገ ጊዜ በየትኛው ፕሮግራም ይከፈት የሚለው ነው።

ነገሩ ትንሽ ይመስላል። ሆኖም ውጭ አገር ያለ ዘመድ የአፕል ኮምፒዩተር የላከለት ነጋዴ የሚገጥመውን ማየት ይበቃል። ዕቃው መልካም ነው፤ ነገር ግን በኢትዮጵያ የንግድ ቤቶች ዘንድ ለብዙ ዓመታት የተለመደው ፒችትሪ የተባለው የሒሳብ ፕሮግራም በዊንዶውስ እንጂ በአፕል ላይ አይሠራም። የቆዩት ደብዳቤዎችና የውል ረቂቆችም ብዙውን ጊዜ በዊንዶውስ ላይ በፓወር ግዕዝ የተጻፉ ናቸው። ስለዚህ ባለሙያው ፓራለልስን ወይም ቪኤምዌር ፊውዥንን የመሰለ ፕሮግራም ይተክልና በአፕሉ ውስጥ ዊንዶውስ ያለበት ሌላ ኮምፒዩተር ያቆምለታል። ቨርቹዋል ማሽን የሚባለው ይህ ነው፤ የራሱ አካል የሌለው፣ ከዋናው ኮምፒዩተር ሜሞሪና ዲስክ ተበድሮ የሚኖር እንግዳ ኮምፒዩተር ማለት ነው። ዊንዶውስ 7 በጥር 2012 ዓ.ም.፣ ዊንዶውስ 10 ደግሞ በጥቅምት 2018 ዓ.ም. የአምራቹ መደበኛ ድጋፍ ስለ ተቋረጠባቸው፣ ኮምፒዩተሩን ለውጦ አሮጌው ፕሮግራም በአዲሱ ላይ አልሠራ ያለው ሰውም ወደዚሁ ዘዴ ይመጣል።

እንግዲህ በአንድ ግቢ ሁለት ቤት ተሠራ። የግቢው ዘበኛ ከፋይሉ ስም መጨረሻ፣ ከነጥቡ በኋላ ያሉትን ሦስት ወይም አራት ፊደላት አይቶ፣ ይህ ወደዚህ ቤት ይግባ፣ ያ ወደዚያ ይሂድ የሚለው የኮምፒዩተሩ ዝርዝር ነው። ቨርቹዋል ማሽኑ ሲተከል የእንግዳውን ፕሮግራሞች በዚህ ዝርዝር ውስጥ ሊያስመዘግብ ይችላል። ከዚያ ወዲያ ባለቤቱ ሳያዝ ፋይል ወዲያና ወዲህ ይመራል።

በፓወር ግዕዝ የተጻፈ የቆየ ውል በዋናው ኮምፒዩተር ተከፍቶ የላቲን ፊደልና ልዩ ልዩ ምልክት ብቻ ቢታይ ጸሓፊው ሰነዱ ጠፋ ብሎ ይደነግጣል። ሰነዱ ግን አልጠፋም። ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል ሥርዐት የግዕዝን ፊደል የተቀበለው በ1999 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ከዚያ በፊት በነበረው ዘዴ የተጻፈው ጽሑፍ ግን የሚነበበው ያው ፎንት በተተከለበት ቤት ብቻ ነው፤ ፎንቱም ያለው በእንግዳው ውስጥ ነው። ይህን ያላወቀ ጸሓፊ ውሉን ከወረቀት ቅጂ እንደገና ሊጽፍ ይነሣል፤ በዚህም አንድ ውል ሁለት ይሆናል፣ የትኛው እንደሚጸናም መጠያየቅ ይመጣል።

ከዚህ የሚብሰው የቁጥሩ ነው። የደንበኞችና የአቅራቢዎች ዝርዝር ከሒሳብ ፕሮግራሙ ሲወጣ ብዙ ጊዜ ሲኤስቪ በሚባል ፋይል ይወጣል። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር አሥር አኃዝ ሲሆን በዜሮ የሚጀምረው ጥቂት አይደለም። ኤክሴል እንዲህ ያለውን ፋይል በጠቅታ ሲከፍት ከፊት ያሉትን ዜሮዎች ይጥላቸዋል፤ በአዲሶቹ ሥሪቶች ይህን ማስቆም ቢቻልም መቻሉን የሚያውቀው ስንቱ ነው? በሁለቱ ቤቶች የቀን አጻጻፍ ልማድ ካልተስማማ ደግሞ 03/07/2025 ተብሎ የተጻፈው በአንዱ ጁላይ 3፣ በሌላው ማርች 7 ሆኖ ይነበባል። እንዲህ ሆኖ የተቀመጠ ፋይል ምንም ማስጠንቀቂያ አያሰማም፤ ስሕተቱ የሚታየው ሰኔ 30 መዝገብ ሲዘጋ፣ ወይም ደረሰኝ ከዝርዝር ጋር ሲመሳከር ነው።

የመብራቱን ነገር ማንሣት ለጋይንትና ለእስቴ ሰው የሚያስቀው ይሆናል። ዋጋ ለማየት ብቻ ጠቅ የተደረገ አንድ ፋይል ወደ እንግዳው ከተመራ ተኝቶ የነበረው ዊንዶውስ በሙሉ ይነሣል፤ ኤሌክትሪክ በሌለበት ሰዓት በባትሪ ለሚሠራ ሰው ይህ ኪሳራ ነው።

አንዳንድ ባለሙያዎች ሁለቱ ቤቶች ፕሮግራም ቢካፈሉ ሥራ ይቀላል ይላሉ። ብዙ ጸሓፊና በደጁ ጠጋኝ ላለው የከተማ ድርጅት እውነት ሊሆን ይችላል። ባለሙያ ከደብረ ታቦር ወይም ከባሕር ዳር እስኪመጣለት ለሚጠብቀው ለስማዳ ነጋዴ ግን መካፈሉ ቢቀርለት ይሻላል። አሠራሩም ከባድ አይደለም። በፓራለልስ ማስተካከያ ውስጥ የዊንዶውስን ፕሮግራሞች ለማክ፣ የማክንም ለዊንዶውስ የሚያካፍሉትን ምልክቶች ማንሣት ነው። ከዚያ በአፕሉ ላይ አንዱን ፋይል መርጦ ስለ ፋይሉ መረጃ የሚሰጠውን ሰሌዳ መክፈት፣ የሚከፍተውን ፕሮግራም መወሰንና ለሁሉም እንዲሆን ማዘዝ ይቻላል። በእንግዳው ዊንዶውስም በማስተካከያው ውስጥ ስለ መደበኛ ፕሮግራሞች የተመደበ ገጽ አለ።

የፒችትሪ ፋይልና በፓወር ግዕዝ የተጻፈው ሁሉ በእንግዳው ውስጥ ይከፈት፤ አዲሱ የዩኒኮድ ደብዳቤ፣ ፎቶግራፍና ፒዲኤፍ በዋናው ይከፈት። ሲኤስቪ በሁለቱም ቤት ከኤክሴል ተለያይቶ ተራ ጽሑፍ ከሚያነብ ፕሮግራም ጋር ይታሰር፤ ጸሓፊው ቢሳሳትና ጠቅ ቢያደርገው አንድም ዜሮ አይጠፋም። ዝርዝሩ በኤክሴል እንዲታይ ሲያስፈልግ ከኤክሴሉ ውስጥ ተነሥቶ ማስገባትና የመለያ ቁጥሩ ዓምድ ጽሑፍ ነው ብሎ ማመልከት ይገባል። ለሁለቱ የጋራ የሆነ ፎልደር ካለም አንድ ፋይል በሁለቱም ቤት በአንድ ጊዜ አይከፈት፤ በኋላ ያስቀመጠው የፊተኛውን ሥራ ሊሽረው ይችላልና።

ይህ ሁሉ በአንድ ወረቀት ተጽፎ ከኮምፒዩተሩ አጠገብ ቢለጠፍ ጸሓፊ ቢለወጥም ሥራው አይናጋም። የስርዐት እድሳት ሲደረግ ዘበኛው የተሰጠውን ትእዛዝ የሚረሳበት ጊዜ ስላለ፣ ከየእድሳቱ በኋላ ከቆየው ውል፣ ከአዲሱ ደብዳቤና ከዝርዝሩ ቅጂ አንዳንድ ጠቅ አድርጎ በየት እንደ ተከፈቱ ማየት አምስት ደቂቃ አይፈጅም።